ቀለምና ውሻ በአንድ ግቢ፦ የሥዕል ክፍል አደረጃጀት፣ የውሻ አልጋና የቆዳ ማሰሪያ አሠራር

ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ ወይም ሌላ የአዲስ አበባ ዳር ላይ ቤት ይዞ ሥዕል የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ውሻም አለው። ግቢው ሰፋ ይላል፣ ሌሊቱ ጅብ አያጣውም፣ አጥሩም ጠባቂ ይፈልጋል። ጣጣው የሚመጣው ቀን ላይ ነው፤ ሸራው ላይ ፀጉር፣ ብሩሽ የታጠበበት ውሃ ውስጥ ምላስ፣ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጅራት። ውሻን በቁጣ ከሥዕል ክፍል ማራቅ ለአንድ ሰሞን ይሠራል፤ በሩ አንድ ቀን ገርበብ ብሎ ሲገኝ ሁሉም ነገር እንደነበረ ይሆናል። የሚያዋጣው ውሻው በራሱ ጊዜ የሚያደርገውን አይቶ ዕቃውን፣ መኝታውንና የሥራ ሰዓቱን በዚያ ልክ ማበጀት ነው።

ብርሃኑና የውሻው መኝታ

የፈረንጅ የሥዕል መመሪያዎች «የሰሜን መስኮት ምረጡ» ይላሉ፤ ቀጥታ ፀሐይ አይገባበትም ብለው ነው። ለእነሱ አገር ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። ግንቦት ላይ በሰሜን መስኮት የሚገባው ፀሐይ እርጥብ ቀለም ላይ ያብለጨልጫል፣ ጥላም ያዛባል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሚያዝያ ሲገባ መስኮቱ ላይ አንድ ድርብ ነጭ አቡጀዴ መወጠር። ከመስከረም በኋላ ፀሐዩ ወደ ደቡብ መስኮት ይዞራል፣ አቡጀዴውም ይነሣል።

ይህ ውሻውን በቀጥታ ይመለከታል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋቱ ውርጭ ነው፤ ውሻው የፀሐይ ብርሃን ወለሉ ላይ ያረፈበትን ቦታ ተከትሎ ይተኛል። ስለዚህ ዕቃ ከመደርደራችሁ በፊት ሁለት ቀን ዝም ብላችሁ እዩት። ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀትር ላይ 6 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓት የተኛበትን በጠመኔ ወለሉ ላይ ክበቡት። አልጋው እዚያ ይቀመጣል፤ የሸራው ማቆሚያ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይርቃል። አልጋውን እናንተ የወደዳችሁት ጥግ ላይ ካደረጋችሁት ባዶ አልጋና ማቆሚያው እግር ሥር የተጋደመ ውሻ ነው የምታገኙት።

የከተማ ዳር ውሻ ሌሊቱን ሲጮህ ያድርና ቀን ይተኛል። ጠዋት በጊዜ አንድ ዙር ከተራመደና ከበላ፣ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ድረስ ብዙም አይነሣም። ቫርኒሽ መቀባት፣ ስስ መስመር መሳል፣ እርጥብ ሸራ ከቦታ ቦታ ማንቀሳቀስ በዚህ ሰዓት ይደረግ። መዶሻና መጋዝ የሚፈልገው ሥራ ከ9 ሰዓት በኋላ ይቆይ።

ከጠመኔው መስመር በላይ

ውሻውን ግድግዳ አስደግፋችሁ በኋላ እግሩ አቁሙትና የፊት እግሩ የደረሰበትን ምልክት አድርጉ፤ 20 ሳንቲ ሜትር ጨምሩበት። ከዚያ መስመር በታች መርዝነት ያለው ነገር አይቀመጥም። ትከሻው እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ለሚሆን የአገር ውሻ መስመሩ ከወለል ወደ 1 ሜትር ከ40 ይጠጋል። ሌላው የሚረሳው የጅራት ከፍታ ነው፤ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ የተቀመጠ የብሩሽ ማሰሮ ውሻው በደስታ አንዴ ሲዞር መሬት ላይ ነው።

የቀለም ማቅጠኛዎቹ ቲነርና አኳራጃ ብዙ ጊዜ ከሱቅ የሚመጡት በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀድተው ነው። ቤት እንደደረሱ ክዳኑ ጥብቅ ወደሆነ የብረት ጣሳ ይገልበጡና ይጻፍባቸው። አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) የነካው ብሩሽ የታጠበበት ውሃም ክፍት ሆኖ አይደር፤ ውሻ የሚጠጣው ንጹሕ ውሃ እዚያው ክፍል ውስጥ ካለ የቀለሙን ውሃ የመሞከር ነገሩ ይቀንሳል።

ከሁሉ በላይ ግን ጨርቁን ጠብቁ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ሲደርቅ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ሙቀት ያወጣል፤ ተጨማድዶ ወይም ተከምሮ ከተቀመጠ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ክብሪት ሳይነካው ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውሻ ደግሞ ዘይት ዘይት የሚሸት ጨርቅ ወስዶ አልጋው ውስጥ መወሸቅ ይወዳል። ሥራ ሲያበቃ ጨርቁን ውጭ ሽቦ ላይ አንድ በአንድ ዘርጉት፤ ደርቆ እንደ ካርቶን ሲጠነክር ይጣል። መዘርጊያ ከሌለ ውሃ የሞላ የብረት ጣሳ ውስጥ አስጥማችሁ ክደኑት።

በዱቄትና በጨው ሊጥ ጌጥ የሚሠሩ ሰዎች ሊጡን እንደ ጉዳት የለሽ ነገር ያዩታል፤ ለልጅ መጫወቻ ስለሚሰጥ ነው። ለውሻ ግን ከቀለሙ የከፋ ሊሆን ይችላል፤ ጨው በብዛት ሲገባ ያስመልሰዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። የጄሶ ዱቄት ሆድ ውስጥ ይጠጥራል። እየተነፋ የሚደርቅ የፖሊዩሬቴን ሙጫ ጨጓራ ውስጥም ይነፋል፤ በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይወጣም። ማስቲሽ የምትጠቀሙ ከሆነ ሥራው በረንዳ ላይ ይሁን፣ ውሻው የሚተነፍሰው እናንተ የምትተነፍሱትን ነው።

ቲነር ወይም አኳራጃ ከጠጣ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ሲመለስ ወደ ሳንባ ይገባና የባሰ ይጎዳዋል። ወተት መድኃኒት አይደለም፤ ለደከመ ውሻ በግድ ሲጋት እሱም ሳንባ ውስጥ ይገባል። ጣሳውን ይዛችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሂዱ፤ ሐኪሙ የሚጠይቀው የመጀመሪያው ነገር ምን እንደዋጠና ምን ያህል እንደሆነ ነው። ክር ከአፉ ወይም ከኋላው ተንጠልጥሎ ብታዩ አትጎትቱ፤ ሌላው ጫፍ አንጀት ውስጥ ተይዞ ከሆነ አንጀቱን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል።

ፀጉሩ ላይ ቀለም ቢነካውስ? እርጥብ አክሪሊክ በለብታ ውሃና ሳሙና ይለቃል። የዘይት ቀለምን በምግብ ዘይት አሽታችሁ አስለቅቁና በሳሙና እጠቡት። የደረቀውን በመቀስ ቁረጡት፣ ይበቅላል። ቲነር፣ ናፍጣና ላምባ ቆዳውን ያቃጥሉታል፣ ሲልሰውም ይመርዙታል፤ ለቁንጫ ብሎ ላምባ መቀባትም ያው ነው።

ፀጉር ያረፈበት ሸራ

የዘይት ቀለም ላይ የወደቀ ፀጉር ቀለሙ ቆዳ ሳያበጅ በዚያው ቀን በመርፌ ጫፍ ይነሣል፤ አንዱን ጫፍ ቀና አድርጋችሁ በብሩሹ አቅጣጫ ሳቡት። አክሪሊክ ከሆነና ላዩ መያዝ ከጀመረ አትንኩት። ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ በወረንጦ ይመዘዝ፣ የቀረው ጭረት በቀጭን ብሩሽ ይሸፈን። ግማሽ የደረቀ አክሪሊክ ላይ ወረንጦ ማስገባት ከፀጉሩ ጋር ቀለሙንም እንደ ልጣጭ ያነሣዋል።

ቫርኒሽ ከመቀባቱ በፊት ባለው ምሽት ውሻውን ውጭ አበጥሩት። ጠዋት ወለሉ ላይ ውሃ አርከፍክፉ፣ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ ቀቡ። የተቀባውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጋችሁ ዘንበል ብሎ ይደገፍ፤ አቧራና ፀጉር ጀርባው ላይ ይረፍ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የዘይት ቀለም ይዘገያል፣ ብርሃንና ሙቀት ስለሚያንሰው ነው፤ ስለዚህ በክረምት ስስ አድርጎ መቀባት ወይም ወደ ከሰል መዞር ይሻላል።

የአኻያ ከሰል፣ የተኛ ውሻ

ከሰል ውሻ ባለበት ቤት ከሁሉም ጣጣ የሌለው መሣሪያ ነው፤ ቢያኝከው አፉ ይጠቁራል እንጂ ሌላ አይደርስበትም። በወንዝ ዳር ከሚበቅል አኻያ ይሠራል። ቀጥ ያሉ፣ ከእርሳስ ትንሽ የወፈሩ ቅርንጫፎች ቁረጡ፤ ሲከስሉ ስለሚኮማተሩ ነው ወፈር የሚደረጉት። ልጣጩን ላጡ፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ቆራርጡ፣ ጥላ ውስጥ አንድ ሳምንት አድርቁ። ክዳን ያለው ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ፈልጉ፤ መጀመሪያ ባዶውን እሳት ላይ አድርጋችሁ ቀለሙን ውጭ አቃጥሉት። እንጨቶቹን ሳታላሉ ጠቅጥቃችሁ አቁሙ፣ ክዳኑን በሚስማር አንድ ቦታ ብቻ ብሱ፣ የተቀጣጠለ የከሰል ምድጃ ውስጥ ቅበሩት።

መጀመሪያ ከቀዳዳው የሚወጣው ነጭ ጭስ እንፋሎት ነው። ቀጥሎ ጭሱ ራሱ ቀዳዳው ላይ በነበልባል ይነድዳል። ነበልባሉ ጠፍቶ ጭሱ ሲቆም አውጡት፣ ቀዳዳውን በጭቃ ድፈኑ፣ ጣሳው እጅ ላይ እስኪቀዘቅዝ አትክፈቱት። በሙቀቱ ከተከፈተ አየር ይገባና ዓይናችሁ እያየ አመድ ይሆናል። መሃሉ ቡናማ ሆኖ ወረቀት የሚቧጭር ከሆነ ቶሎ ወጥቷል። የተጣመመ ከሆነ አልተጠቀጠቀም።

የተኛ ውሻ ለመሳል አንዱን ወረቀት ስድስት ቦታ ክፈሉት። ሲገላበጥ ወደሚቀጥለው ክፍል እለፉ እንጂ የጀመራችሁትን አታጥፉት፤ ውሻ የሚተኛባቸው አቀማመጦች ጥቂት ናቸው፣ ቆይቶ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ከማጅራቱ እስከ ጅራቱ ሥር ያለውን የጀርባ መስመር በአንድ ሳቡ፣ የጎድን አጥንቱን ቅርጫት፣ ከዚያ ዳሌውን አስቀምጡ፤ እግሮቹ መጨረሻ ይምጡ። ብዙ ሰው የሚስተው የኋላ እግር ላይ ነው፤ ወደ ኋላ ያጠፈው መጋጠሚያ ጉልበቱ ሳይሆን ተረከዙ ነው፣ ጉልበቱ ከላይ ሆድ ሥር ይገኛል። ይህን ካወቃችሁ እግሩ በራሱ ይቆማል።

አልጋው

ውሻው ተዘርግቶ ሲተኛ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ሥር ለኩና 25 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። 75 ሳንቲ ሜትር ለሚሆን ውሻ 1 ሜትር በ70 ሳንቲ ሜትር አልጋ ይበቃዋል። የውስጡ ከረጢት ከአቡጀዴ፣ የላዩ ከወፍራም ሸራ ይሰፋል። አቡጀዴው ከመቆረጡ በፊት በፈላ ውሃ ይታጠብ፤ ሳይታጠብ የተሰፋ በመጀመሪያው እጥበት ይሸበሸባል። ጄሶ ወይም ፕራይመር (ከቀለም በፊት ሸራ ላይ የሚቀባ መነሻ ቅብ) የነካውን የተረፈ የሥዕል ሸራ ለላይ አትጠቀሙ፤ ይሰነጣጠቃል፣ ቅርፊቱንም ውሻው ይለቅመዋል።

ለሙሊት የፍራሽ ስፖንጅ ቁርጥራጭ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይበቃል። ከረጢቱን በርዝመቱ ሦስት ቦታ በስፌት ከፍላችሁ እያንዳንዱን ለብቻ ሙሉ፤ ያልተከፈለ ከረጢት በወሩ መሃሉ ባዶ ሆኖ ጠርዙ ላይ ይከመራል። ዚፕና ቁልፍ አይግባበት፤ ውሻ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የላዩን ሽፋን እንደ ትራስ ልብስ አንዱ ጫፍ በሌላው ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ተደርቦ እንዲዘጋ አድርጉ፣ መክፈቻው ወደ ታች ይሁን። ሲሚንቶ ወለል ሙቀት ይመጥጣል፣ ስለዚህ ከሥሩ የጣውላ ርብራብ ይደረግ። ሽፋኑ በየሁለት ሳምንቱ በፈላ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይዋል፣ ቁንጫ የሚፈለፈለው እዚያ ነው።

ውጭ ለሚያድር ውሻ ነገሩ ይለያል፤ ብርድ ልብስና ስፖንጅ እርጥበት ይይዛሉ። ለውጭ ቤቱ የስንዴ ወይም የገብስ ጭድ ይሻላል፣ አገዳው ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሙቀት ይይዛል። የጤፍ ጭድ ቶሎ ይተኛል፤ እሱ ለጭቃ ቤት ይሁን። ቤቱን በድንጋይ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር አንሡት፣ በሞራሌና በጣውላ ሥሩት፣ በሩን ዝናብ ከሚገፋበት አቅጣጫ አዙሩት። ከቆርቆሮው ሥር የጣውላ ኮርኒስ ያስፈልጋል፣ በረዶ ሲጥል ድምፁ ውሻውን ያስወጣዋል። ስፋቱን አታብዙ፤ የሚያሞቀው የራሱ ገላ ነው። ለምስጥ ብላችሁ የተቃጠለ ዘይት አትቀቡ፣ መዳፉ ላይ ይጣበቅና ይልሰዋል።

የቆዳ ማሰሪያው

እዚህ ላይ ጊዜ መስጠት ይገባል፤ የገበያው ናይለን የአንገት ማሰሪያ በጅብ ሌሊት ውሻው ሲፈናጠር ዘለበቱ ላይ ነው የሚለቀው።

ቆዳው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ የጀርባ ክፍል ይሁን። የሆድ ቆዳ ርካሽ ነው ግን ይለጠጣል። ለጃኬት የሚሆን ለስላሳ ቆዳ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ስትቆርጡ በአከርካሪው አቅጣጫ ቁረጡ፣ በዚያ በኩል ብዙ አይለጠጥም። ዘለበትና ቀለበት ከምናለሽ ተራ ማግኘት ይቻላል፤ ቀለበቱን ስትመርጡ መጋጠሚያውን እዩ። በብየዳ የተዘጋ ይሁን፤ ጫፍና ጫፉ ተገናኝቶ ብቻ የቀረ ቀለበት በጉተታ ይከፈታል።

የአንገቱ ዙሪያ 40 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። በለካችሁበት ሜትር ሥር ሁለት ጣት መግባት አለበት። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 2 ተኩል ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀበቶ ቁረጡ። ከአንዱ ጫፍ 7 ሳንቲ ሜትር ላይ ይታጠፋል። እጥፋቱ ላይ ለዘለበቱ ምላስ 2 ተኩል ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ቀጭን ክፍተት አውጡ፤ ሁለት ጫፎቹን መጀመሪያ በክብ ብሱና መሃሉን በምላጭ አገናኙ። ጥጉ ክብ ካልሆነ ቆዳው ከዚያ መቀደድ ይጀምራል። ከእጥፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ መካከለኛውን ቀዳዳ ብሱ፣ ከዚያ በሁለቱም በኩል በ2 ተኩል ሳንቲ ሜትር ልዩነት ሁለት ሁለት ጨምሩ።

ቀለበቱ የሚገባው በእጥፋቱ ውስጥ፣ ከዘለበቱ ቀጥሎ ነው፤ ጉተታውን ድርብ ቆዳ ይሸከመዋል። የእጥፋቱን ጫፍ ከውስጥ በኩል በምላጭ አሳሱት፣ አለበለዚያ ጠርዙ አንገቱን ይፈትገዋል።

ስፌቱ በሁለት መርፌ ነው። ከጠርዙ 4 ሚሊ ሜትር ገባ ብላችሁ መስመር አስምሩ፤ በሹካ ጥርስ እየተጫናችሁ ብትሄዱ ነጥቦቹ እኩል ይወጣሉ። በወስፌ ብሱ። ክሩ የስፌቱን ርዝመት አራት እጥፍና አንድ ክንድ ትርፍ ይኑረው፤ በሰም ደጋግማችሁ ሳቡት፣ ሲነኩት እስኪያጣብቅ። በአንዱ ክር ሁለት ጫፍ መርፌ አስገቡ። ሁለቱም መርፌዎች በእያንዳንዱ ቀዳዳ ከተቃራኒ ወገን ያልፋሉ፤ ሁለተኛውን ስታሳልፉ የመጀመሪያውን ክር እንዳይወጋ ወደ ኋላ ሳብ አድርጉት። እያንዳንዱን ጥልፍ በእኩል ኃይል አጥብቁ፣ መጨረሻ ላይ ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ስፉና ቁረጡ። በዚህ ስፌት አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል፤ የመኪና ስፌት ግን አንድ ቦታ ሲበጠስ እየተተረተረ ይሄዳል።

ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ በውሃ አርጥቡ፣ በለሰለሰ እንጨት እስኪያብረቀርቅ ፈትጉት። ለመቀቢያ አንድ እጅ ሰም በሁለት እጅ የወይራ ዘይት፣ የፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ጣሳ አቅልጣችሁ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ትርፉን ጥረጉ። ቆዳን በቅቤ ማለስለስ የቆየ ልማድ ነው፤ ለውሻ አንገት ግን አይሆንም፣ ጎረቤት ያለው ውሻ ሲጫወት ያኝከዋል።

ስልክ ቁጥር የተጻፈበት የነሐስ ጠፍጣፋ በሁለት ሪቬት ቆዳው ላይ ይጣበቅ፤ የሚንጠለጠል ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ይንቃጨላል፣ አጥር ላይም ይያዛል። በየዓመቱ የሚታደሰውን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቀን በጀርባው መቅረጽ አይከፋም፣ የመጀመሪያው የሚሰጠው ሦስት ወር ሲሞላው ነው።

ለቡችላ ቆዳ አትሥሩ፤ አንገቱ በየሳምንቱ ያድጋል፣ ካልታየ ማሰሪያው ሥጋ ውስጥ ይገባል። ከሸማኔ በተረፈ ወፍራም ጥብጣብ ይቆይ። ለአዋቂው ግን ክረምት ላይ የራሰውን ማሰሪያ ማታ አውልቁና በጨርቅ አድርቃችሁ ጥላ ውስጥ ስቀሉት። ምድጃ አጠገብ የደረቀ ቆዳ ይኮማተርና ቀዳዳዎቹ ላይ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ሰም ቢቀባም አይመለስም፣ አዲስ መቁረጥ ነው።